የሴቲቱ ሁለተኛ ዓይን

ሰኔ 20 ቀን 1951 ዓ.ም.

ይህን ደብተር የገዛሁት የቀለም ልክ ልጽፍበት ነው። ትናንት አርብ ገበያ ወርጄ ከነጋዴው ከጁሃር ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ዱቄት ያዝኩ። ሰማያዊ የለውም። «ሰማያዊው ከደሴ ነው የሚመጣው መሪጌታ፤ ወንዝ ሞልቶ በቅሎዎቼ ወዲያ ማዶ ቀርተዋል» አለኝ። እመቤታችንን ያለ ሰማያዊ ምን አለብሳታለሁ?

የጥድ አፋፍ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አዲስ ተሠርታለች። መቅደሷን ዙሪያውን የምሥለው እኔ ነኝ። አሠሪው ግራዝማች ጥጋቡ ናቸው። ለመስከረም ማርያም መጋረጃው ተገልጦ ሕዝቡ ያያል። ደጀ ሰላሙ አጠገብ አንዲት ጎጆ ሰጥተውኛል፤ በአንድ በኩል ታፈሳለች፤ መደቡን ወደ ሌላው በኩል አዞርኩት።

ተማሪ የለኝም። ቢመጣ እንዲያነበው የመምህሬን የየኔታ አስማረን ሕግ እዚህ ላይ ላስቀምጥ። ደግ ሰው ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል። ክፉ ሰው በጎን ይሣላል፤ አንድ ዓይን ብቻ አለው። ይሁዳ አንድ ዓይን፣ ሄሮድስ አንድ ዓይን፣ ዲያብሎስ አንድ ዓይን። ሁለተኛው ሕግ፦ ዓይን በመጨረሻ ይሣላል። ቀድመህ ከሣልከው ሥዕሉ እያየህ አያሠራህም።

ይኸው ነው። ሌላው ሙጫና ትዕግሥት ነው።

ሰኔ 25

ግራዝማች ዛሬ መጡ። በቅሏቸው ላይ እንደተቀመጡ፦

«በደቡብ በኩል ሴቶቹን ያድርጉልኝ። የወንጌሉን ሴቶች። በዚያ በኩል የሚገቡት ሴቶች ናቸው፤ ቢጤያቸውን ይዩ።»

ሳምራዊቷን፣ ሽቱ ያፈሰሰችውን፣ ወደ መቃብር የሄዱትን ቆጠርኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ከሁሉ በላይ ግን በዝሙት የተያዘችዋን። እስቴ ዝግባ ሚካኤል የሣሏትን አይቻታለሁ። እርስዎን ያስጠራሁት በሷ ነው። እንደሷ ያለች ትሁንልኝ። ሰው እንደሚተፋባት ያውቃሉ?»

አላውቅም ነበር። እስቴ ከሄድኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ሥራው እስከዚህ እስከ ጋይንት የተወራለት ሠዓሊ ደስ ሊለው ይገባል፤ ደስ አለኝ። እራት አልበላሁም። ጾም ስለሆነ ነው።

ሐምሌ 2

ዝናብ። የምሥልበት አቡጀዲ በሰሜን በኩል ከግድግዳው ተላቀቀ። እንደገና ሙጫ። ጣቶቼ አይታጠፉም። ከማንም ጋር አላወራሁም።

ሐምሌ 5

ጴጥሮስ ወጳውሎስ። ጾሙ ተፈታ። የደብሩ አለቃ፣ አለቃ ይርጋ፣ ከቅዳሴ በኋላ ረጅም ስብከት ሰበኩ። ጳውሎስ ሴቶች በማኅበር ዝም ይበሉ ማለቱን ሦስት ጊዜ ደገሙት። ሦስተኛው ላይ ከሴቶቹ በኩል አንድ ሳል ተሰማ። የማን እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ የእማሆይ አዛለች ነው።

እማሆይ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ብቻቸውን የሚኖሩ መነኩሲት ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም። ሰባ ዓመት ግን ደጅ ቆመው ሰምተዋል፤ የሰሙትን አይጥሉም። ማታ ቆሎና ጠላ ይዘውልኝ መጡ። ከገባሁ ጀምሮ በሬን ያንኳኳ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

«የሮሜን መልእክቱን ተሸክማ የወሰደችለት ማን ነበረች?» አሉኝ ሳይቀመጡ።

«ፌቤን ናት ይላሉ።»

«ዝም ብላ ወሰደችለት?»

ሳቅኩ። ከሰኔ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ግራዝማች ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ የሚሉትን ተረት መተረታቸውን ነገርኳቸው። እማሆይ ቆሎአቸውን እየፈተጉ፦

«እውነት ነው እንጂ። ትንሣኤውን ሴቶች ነገሩ፤ ቅዠት ነው ተባሉ። በወንድ ሊያልቅ ጴጥሮስ እየሮጠ ሄደ። ያገኘው ግን ከፈኑን ነው። ጌታን ያየችውማ ስታለቅስ የቀረችዋ ናት።»

ከሄዱ በኋላ ወንጌሉን ገለጥኩ። ለማን ስንት ዓይን እንደምሰጥ ልወስን ብዬ ነው፤ ሥራ ነው። አምስት ባል የነበራት ሳምራዊት፦ እኔ ነኝ ብሎ የነገራት ለሷ ነው፤ ሁለት። የጲላጦስ ሚስት፣ ያን ጻድቅ አትንካ ብላ የላከችው፦ ሁለት። እግዜር ይይላት ሄሮድያዳ አለች፤ እሷን አንድ ይበቃታል። ጴጥሮስን ያስካደችው ገረድ አንድ ሊገባት ነበር፤ ግን የተናገረችው እኮ እውነት ነው። ከሱ ጋር ነበርክ አለችው፤ ነበረ። የሸጠው፣ የገረፈው፣ በጥፊ የመታው ሁሉ ወንድ ነው። ይህን እስከ ዛሬ ቆጥሬው አላውቅም።

በዝሙት የተያዘችዋ ላይ ስደርስ ጧፉ አለቀ። የኔታ አስማረ በአንድ ዓይን ነው የሣሏት። እንደዚያ አስታውሳለሁ።

ሐምሌ 12

ይህን መጻፍ አልፈልግም ነበር።

ግራዝማች መጥተው የቅድስቱን በር ዘጉ። ሚስታቸው ጌጤ ባለፈው ጥር ቤታቸውን ጥላ ስማዳ አባቷ ዘንድ መሄዷን አገሩ ሁሉ ያውቃል። አዲስዓለም የምትባል የአራት ዓመት ልጅ አላቸው፤ ያስቀሯት ግራዝማች ናቸው። ጌጤ ልጄን ስጡኝ ብላ ሽማግሌ ልካለች። ሽማግሌዎቹ የመስከረም ማርያም ማግስት እዚሁ ዋርካው ሥር ይቀመጣሉ።

«የዚያችን ሴት መልክ የጌጤን ያድርጉልኝ» አሉ። «አንገቷ ረጅም ነው። ከቀኝ ቅንድቧ በላይ ጠባሳ አለች፤ እሷን እንዳይረሱ። ሰው አይቶ ይወቃት። ሽማግሌዎቹም ያስቀድሱ የለ? አይተዋት ይቀመጡ።»

«ከማን ጋር ተያዘች ጌታዬ?»

«ወሬው አለ።»

«ወሬ ነው?»

«እርስዎ ለእስቴዋ ምስክር ቆጥረው ነበር?»

ይህን ሲሉ አልሳቁም። የሚያውቁትን ያውቃሉ። እንቢ ካልኩ ከጎንደር ሌላ ሠዓሊ እንደሚያስመጡ ተናገሩ።

እሺ አልኩ። ከአፌ ስትወጣ ሰማኋት። ከዚያ ብሩሾቼን አጠብኩ፤ ንጹሕ ነበሩ፤ እንደገና አጠብኳቸው።

ሐምሌ 17

አርብ ገበያ። አሁንም ሰማያዊ የለም። ጁሃር ሱቁ ውስጥ ከዝናብ አስጠለለኝ፤ አንድ ሲኒ ሻይ ሰጠኝ፤ ስለ ጌጤ ጠየቅሁት። ለሥራ ነው አልኩት። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«በጥር እዚህ በር ላይ ነው የወደቀችው። ደሙ ዓይኗን ሸፍኖት ነበር። ባለቤቴ ሰዒዳ ናት ያጠበችላት። በዱላ ነው መሪጌታ። ለምን ቢሉ፣ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ዘገየች ነው። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ አልተናገርኩም።»

እንግዲህ ጠባሳዋን የሣሉት ግራዝማች ናቸው። እኔ የምገለብጠው።

ስወጣ ራሷን አየኋት፤ በጠባሳዋ አወቅኳት። የስማዳ ሰዎች ገብስ ይዘው መጥተዋል፤ ከመካከላቸው ቆማለች። ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። እንደ ሙያዬ አንገቷን፣ አገጯን፣ የቅንድቧን አጥንት በዓይኔ ለካሁ። ፊቷን በቀጥታ አዞረችብኝ።

«ምን ያያሉ አባቴ?»

ሰው መሰልሽኝ ብዬ አለፍኩ። ውሸት አይደለም።

በመንገድ ላይ ዝናቡ ደብድቦኝ ገባሁ። ጎጆዋ ሌላ ቀዳዳ አብጅታለች።

ሐምሌ 28

ሳምራዊቷ አለቀች። ሽቱ ያፈሰሰችው አለቀች፤ ፊቷን በጠጉሯ ሸፈንኩት፤ ስንት ዓይን እንዳላት ማንም አያይ። ይህ ብልሃት ነው ወይስ ፍርሃት? ፈሪሳውያኑ ድንጋይ ይዘው ቆመዋል። ጌታችን ጎንበስ ብሎ ምድር ላይ ይጽፋል። ሴቲቱ ቆማለች። ፊቷ ባዶ ነው።

ነሐሴ 4

ፍልሰታ። ሕፃናቱ ሳይቀሩ ጾመው ያስቀድሳሉ። እኔ ከመሰላሉ ላይ ሆኜ ውዳሴ ማርያሙን እሰማለሁ። ከፍ ብሎ መቀመጥ ጥሩ ነው፤ ሰው አያወራህም።

እማሆይ ከቅዳሴ በኋላ ሥዕሉ ሥር ቆሙ። ብዙ ቆዩ።

«ይህችን ምነው ፊት ነሣሃት?»

«ዓይን በመጨረሻ ነው የሚሣለው።»

«ዓይኑንማ አውቃለሁ። አፍንጫም የላትም እኮ።» ቆይተው ደግሞ፦ «ሚስት አለህ?»

«ነበረችኝ።»

«ነፍሷን ይማር።»

«አልሞተችም እማሆይ።»

እማሆይ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። ሊሄዱ ሲሉ፦

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» አሉ።

የወጋም አይረሳም። ይህን ልነግራቸው ፈልጌ ርቀው ነበር።

ነሐሴ 11

ቀኑን ሙሉ በረዶ ጣለ፤ የገብሱ ማሳ ነጭ ሆነ። መሥራት አልቻልኩም። ስለዚህ እጽፋለሁ።

በ1940 ዓ.ም. ዝግባ ሚካኤልን ስሥል ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ የግማሽ ቀን መንገድ ነበር። እዚያው አድር ነበር። አንድ ሰው መጣና ሚስትህ መንገድ ላይ አንድ ወንድ አቅፋ ስታለቅስ ታየች፤ ቤትም አስገባችው አለኝ። ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው። ወሬ ነው ማለት እችል ነበር። ሄጄ ማየት እችል ነበር፤ ግማሽ ቀን ነው። ሥራ ነበረብኝ። ሥራ ስለነበረብኝ ነው ያልሄድኩት።

ስንቅ ይዛ መጣች፤ ሥራ ላይ ነኝ በሏት አልኩ። እንደገና መጣች። ሦስተኛ ጊዜ መጣች፤ የምነግረው ነገር አለኝ ብላ ዝናብ ላይ ቆመች። ከመሰላሉ አልወረድኩም።

ያኔ በዝሙት የተያዘችዋን እየሣልኩ ነበር። እጄ ነው የሣላት። ልቤ አላዘዘውም ልል ነበር፤ ይኸው ጻፍኩት፤ ሐሰት ነው። ቀኑን ሙሉ በደንብ አስቤ፣ የሚስቴን ጉንጭ፣ አገጯን፣ ከግራ ጆሮዋ በታች ማርያም የሳመቻትን ጥቁር ነጥብ ሳይቀር ሣልኩ። በጎን። አንድ ዓይን።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት መጋረጃው ሲገለጥ ከሴቶቹ መካከል ነበረች። ከጎኗ አንድ ጠይም ሰው አብሯት መጥቷል። ሴቶቹ ሥዕሉን አዩ፤ እሷን አዩ። እሷ ዞር አለች። በጎን ነው ያየኋት። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

ሰውየው ወንድሟ ነበር። በጠላት ጊዜ ጠፍቶ ሞቷል ተብሎ ተዝካሩን ሁሉ በልተናል። ሦስት ጊዜ የመጣችው ወንድሜ ተገኘ ልትለኝ ነው።

ስሟ ካሣነሽ ነው። አሥራ አንድ ዓመት በእጄ አልጻፍኩትም። እንዲያው ዛሬ ይጻፍ።

ነሐሴ 19

የየኔታ አስማረ ብራና ከሣጥኔ ሥር ነበር። የሥዕል ሁሉ አብነት የተነደፈበት ነው፤ ሲሞቱ ለእኔ ሰጡኝ። ከእስቴ ወዲህ ያን ገጽ ገልጬው አላውቅም። ለምን እንዳልገለጥኩት ዛሬ ተገለጠልኝ።

ሴቲቱ በሁለት ዓይን ናት።

ፈሪሳውያኑ አንድ አንድ ዓይን አላቸው፤ ድንጋይ ይዘዋል። እሷ ግን ቀጥ ብላ እኛን ታያለች። የኔታ ከሥሯ በቀጭን ብዕር፦ «ጌታ ያልፈረደባትን ሠዓሊ አይፍረድባት» ብለው ጽፈዋል። ይህን ተማሪ ሳለሁ በቃሌ አውቀው ነበር። በእሳቸው ያሳበብኩት እኔ ነኝ።

ጳጉሜን 3

ሩፋኤል። ልጆቹ ልብሳቸውን ጥለው ዝናቡ ውስጥ ይዘላሉ። የጁሃር በቅሎዎች ተሻገሩ፤ ሰማያዊው መጣ። ራሱ ይዞልኝ ወጣ፤ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ጠራኝ። «አልተናገርኩም ያልኩዎት ነገር» አለኝ፤ «ሽማግሌዎቹ ከጠየቁኝ እናገራለሁ። ሰዒዳ እንቅልፍ ነሣችኝ።»

የእኔን እንቅልፍ የሚነሣ ማንም የለም። እሱን አልነገርኩትም። ቀለሙን ይዤ ዝናብ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ እኔም ትንሽ ጠበል ተቀበልኩ መሰለኝ።

መስከረም 9

እማሆይን አንድ ነገር ለመንኳቸው። ሰው የራሱን ፊት በጎን ማየት አይችልም፤ መስተዋት የሚያሳየው ፊት ለፊት ነው። ስለዚህ ጧፍ አብርቼ አቡጀዲው አጠገብ በጎን ቆምኩ፤ ጥላዬ ወደቀ፤ ከሰሉን ሰጠኋቸው። በተንቀጠቀጠ እጃቸው ጥላዬን ዙሪያውን ነደፉት።

«አፍንጫህን አስረዘምኩት መሰለኝ።»

«ልኩ ነው።»

«ከነማን ጋር ነው ያቆምኩህ?»

«ከፈሪሳውያኑ፤ ከፊተኛው። መጀመሪያ ድንጋይ ካነሣው።»

አልጠየቁኝም። ሁሉንም እኔው ነገርኳቸው። እያለቀሱ ሰሙኝ፤ ለእሷ ነው ያለቀሱት። ለእኔ እንዲያለቅሱልኝ ፈልጌ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

መስከረም 16

ዓይኖቹን ዛሬ ሣልኩ። የሴቲቱ ፊት የየኔታ ብራና ፊት ነው፤ የማንም አይደለም። ጠባሳ የለም። ሁለት ዓይን። ለራሴ አንድ።

መስከረም 20

ግራዝማች ሊያዩ መጡ። ቀለሙ አልደረቀም፣ አይገለጥም አልኳቸው። «ጠባሳዋን አስገብተዋታል?» አሉ። ነገ ያዩታል አልኩ። 

መስከረም 22

ትናንት ነበር። እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ቅዳሴው አልቆ አለቃ ይርጋ በደቡብ በኩል ያለውን መጋረጃ ሳቡት። እልልታ ሆነ። ሰማያዊው አምሯል፤ ይህን መካድ አልችልም። ከሴቶቹ ኋላ ጌጤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ቆማ ነበር። ምን እንደሚጠብቃት ሰው ነግሯት ኖሮ ቀና አላለችም።

ሰዎቹ ቀስ በቀስ ፈሪሳውያኑን ማየት ጀመሩ። አንድ ልጅ «ይሄ ሠዓሊው ነው!» አለ። ሳቅ ሆነ። አለቃ ይርጋ ጠጋ አሉ። ጌታችን ምድር ላይ የጻፈው የከሳሾቹን ኃጢአት ነው፣ እያንዳንዱ የራሱን አንብቦ ወጣ ብለው መምህራን ያስተምራሉ። ሠዓሊ ሁሉ እዚያ ላይ የማይነበብ ጭረት አድርጎ ያልፋል። እኔ ፊደል ጽፌበታለሁ። አለቃ ይርጋ ልማድ ሆኖባቸው ጮክ ብለው አነበቡት፦

«ሥዩም ሚስቱን ካሣነሽን በሐሰት ከሰሰ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ከሥዕል ጀርባ መደበቅ የለመደ ሰው ነኝ። ግራዝማች ጆሮዬ ሥር መጡ።

«ያዘዝኳት ሴት የት አለች?»

«የትኛዋ ሴት ጌታዬ? ጮክ ብለው ይንገሩኝ፤ ሕዝቡም ይስማ።»

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ሽማግሌዎቹ ሁለት ክንድ ርቀው ቆመው ያዩናል። ግራዝማች ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው ወጡ።

ጌጤ ቀና አለች። የተሣለችውን ሴት አየቻት፤ አንድ ጊዜ ደግሞ እኔን። በገበያው ያየኋት ዓይን ነው። ከዚያ እንደ ሌሎቹ ሴቶች ግድግዳውን ተሳልማ ወጣች።

ማታ አለቃ ይርጋ መጥተው፦ «ግራዝማች ከአገሬ ይውጣልኝ ብለዋል። እኔ ሂዱ አልልም፤ ቆዩም ለማለት አቅም የለኝም» አሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው። እውነቴን ነው።

መስከረም 23

አርብ ገበያ ደረስኩ። ጁሃር ትናንት ዋርካው ሥር ተጠርቶ መስክሯል፤ ሰዒዳም አብራው ሄዳ ያጠበችውን ቁስል ተናግራለች። ሽማግሌዎቹ ልጅቷን ለእናቷ ሰጡ። አዲስዓለም ዛሬ ማለዳ በእናቷ ጀርባ ወደ ስማዳ ስታልፍ አይቷታል፤ ተኝታ ነበር አለ። ትርፍ ሰማያዊ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። «ለየት ነው?» አለ። «ለእስቴ» አልኩት።

እማሆይን ደህና ይሁኑ ሳልላቸው መጣሁ። ጧት ጎጆአቸው ጭስ አልነበረውም፤ ለመቀስቀስ ፈራሁ። አሁን ይቆጨኛል።

ጥቅምት 2

ዝግባ ሚካኤል። ቄሰ ገበዙ አላወቁኝም፤ ሥዕል አዳሽ ነኝ አልኳቸው። መጋረጃውን ሲስቡት ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ምራቁ እንዲታየኝ አልፈለግሁም።

ፊት የለም። ከአንገቷ በላይ ቀለሙ አልቆ አቡጀዲው ወጥቷል፤ የአንድ ዓይኗም፣ የነጥቧም ምልክት የለም። ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

«ተፍተውባት ነው?» አልኩ።

«ማን ይተፋባታል? አንዳንድ እንግዳ ካልሆነ።» ተቆጡኝ። «ሴቶቹ እየሳሟት ነው እንጂ። ስሟ የጠፋባት፣ ባሏ ያባረራት፣ ምጥ የጠናባት ሁሉ እዚህ መጥታ ትስማታለች። አሥራ አንድ ዓመት ሲስሟት አለቀች። መጀመሪያ የሳመቻት መልኳ የተሣለው ሴት የራሷ እናት ናት አሉ፤ ያን ዕለት፣ ሕዝቡ ገና ቆሞ ሳለ።»

መሰላሉን አመጡልኝ፤ ወጣሁ። ብሩሼን ነከርኩ። ፊቷን አጣሁት። በጎን ብቻ ነው የማውቃት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳስባት የኖርኩት እኔው የሣልኳትን ነው። ወረድኩ።

ጥቅምት 4

ከወንድሟ ቤት አጠገብ ነው የምትኖረው። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ጠጉሯ ሸብቷል። እንዝርቷን አላቆመችም።

«ምን ፈለግህ?»

ሚስቴ ሳለች አንቱ ነበር የምትለኝ።

ይቅርታ ልል ነበር፤ መንገዱን ሁሉ ሳሰናዳው የመጣሁት ንግግር ነበረኝ። የወጣኝ ግን፦ «ፊትሽን ላስተካክል ነው። ጠፍቶብኛል» ብቻ ነው።

 ወንድሟ በር ላይ ብቅ አለ፤ በእጇ መለሰችው። ከዚያ እንዝርቷን አስቀምጣ ተነሣች፤ ወደ ብርሃኑ መጣችና ፊቷን ቀጥ አድርጋ አዞረችልኝ።

«እየው» አለች። «ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ አይተኸኝ አታውቅም።»

አየሁ። የግራ ዓይኗ ከቀኙ ትንሽ ያንሳል። ይህን አላውቅም ነበር። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ጨረስክ?»

«ካሣነሽ...»

«ምልክቴን ግን እንዳትሥላት» አለች፤ ጣቷ ከጆሮዋ በታች ሄደ። «ያቺ የእኔ ናት። አሁን ሂድ።»

ወደ ኋላዬ እያየሁ ሄድኩ። እንዝርቷን አንሥታ ነበር።

ጥቅምት 7

ዓይኖቹን ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጨረስኩ፤ ግራውን ከቀኙ ትንሽ አሳንሼ። ነጥቧን አልሣልኩም። ጁሃር የሰጠኝን ሰማያዊ ለነጠላዋ ጥለት አዋልኩት።

እሷ አልመጣችም፤ እመጣለሁም አላለችም። የሠፈሩ ሴቶች ግን ወሬውን ሰምተው ቀለሙ ሳይደርቅ መጡ። አንዲት እርጉዝ ሴት ቀድማ ጠጋ ብላ ሳመቻት፤ ከንፈሯ ቀላ። ቄሰ ገበዙ ሊከለክሉ ተነሡ። ይተዉአቸው አልኳቸው።

እንዲህ ከሆነ ሌላ አሥር ዓመትም አትቆይም። ስታልቅ ሌላ ሠዓሊ እንዳይጠሩ አደራ ብያለሁ። ያን ጊዜ በሕይወት ከኖርኩ ያን ደጃፍ ተመልሼ ማንኳኳት ይኖርብኛል፤ ፊትሽን አንድ ጊዜ አሳዪኝ ብዬ።